«ትንሽ ናት እኮ!»፦ ስለ ገናና ስለ በረዶ የእንጨት ፐዝሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንጨት ፐዝል እቆርጣለሁ፤ ስዕል የተለጠፈበት እንጨት ተቆራርጦ መልሶ የሚገጣጠምበት ጨዋታ ማለት ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከ40 እስከ 100 ምናምን ቁራጭ ያላቸው። ስዕሎቹ የገና ዛፍ፣ የበረዶ ሰው፣ በረዶ የለበሰ መንደር፣ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ናቸው። ሰው አንዷን አንስቶ ያገላብጥና ወዲያው «ትንሽ ናት እኮ! አሥር ደቂቃም አትፈጅ» ይላል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሌሎችም የሚደጋገሙ አሉ፤ ግን ከዚህኛው ልጀምር፤ በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

«ቁራጩ ጥቂት ከሆነ ቀላል ነው»

አይደለም። ፐዝልን በቁራጭ ብዛት መመዘን ከካርቶን ፐዝል የመጣ ልማድ ነው። ካርቶን የሚቆረጠው በብረት ስለት ተጭኖ ነው። ስለቱ አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ካርቶን በዚያው ቅርጽ ይወጣል። ቁራጮቹ በረድፍ የተሰለፉ፣ አራት ጎን ያላቸው፣ አንዱ ጎን ወጣ ሌላው ገባ ያለ፣ መልካቸውም ተመሳሳይ ነው። እዚያ ላይ እውነትም የሚያደክመው ብዛቱ ነው።

እንጨት ላይ ግን የሚያደክመው አቆራረጡ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማዕዘኖቹን ለሁለት እከፍላለሁ። ፐዝል የሚጀምር ሰው ሁሉ አራቱን ማዕዘን ነው የሚፈልገው። እኔ መጋዙን ልክ በማዕዘኑ ጫፍ ላይ አወጣዋለሁ። ያኔ ማዕዘኑ የሁለት ቁራጮች ይሆናል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ማዕዘን አይመስሉም። ከዚያ ስዕሉ መሀል ላይ ቀጥ ያሉ ቁርጦች አስገባለሁ፤ አንዳንዴም ልክ እንደ ማዕዘን የታጠፉ። ቀጥ ያለ ጎን ያየ ሰው «ይቺ የዳር ናት» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣታል። ቦታዋ ግን መሀል ነው።

ቀጥሎ የቀለሙን ድንበር ተከትዬ እቆርጣለሁ። የገና አባት ቀይ ካፖርቱን ለብሶ በረዶ ላይ ቆሟል እንበል። መጋዙ በካፖርቱ ጠርዝ ይሄዳል። ስለዚህ ቀይም ነጭም ያለበት ቁራጭ አይኖርም። ቀዩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ነው። ይህ ቀይ ከየትኛው ነጭ ጋር እንደሚገናኝ በቀለም የሚነግራችሁ ምንም ነገር የለም።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ ቁራጮች አይቆላለፉም። ጎን ለጎን ይደገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ቆልፎ አይዝም። ካርቶን ላይ ቁራጩ ቀጭ ብሎ ሲገባ ልክ መሆኑን ታውቃላችሁ። እዚህ ያ ማረጋገጫ የለም። ሁለት ቁራጮች ተስማምተው ተቀምጠው፣ ኋላ ላይ ጭራሽ ጎረቤት አለመሆናቸው ይገለጣል። እጅጌያችሁ ከነካቸው ደግሞ ይበተናሉ።

አንድ ወዳጄ ባለ 1000 ቁራጭ ካርቶን መግጠም የለመደ ነው። 60 ቁራጭ ያላት የሐይቅ ስዕል ሰጠሁት። «እራት ሳይቀርብ እጨርሳታለሁ» አለ። እንደ ልማዱ ማዕዘን ለቀመ። የመሰሉት ሁሉ የመሀል ቁራጮች ነበሩ። ከዚያ ዳሩን ለመሥራት ሞከረ፤ ዳሩም አልገጥም አለው። እራት ቀረበ፣ ተነሳ፣ እሱ ግን ያችኑ አንድ ነጭ ቁራጭ ያሽከረክራል። መጨረሻ ላይ ከነትሪው ተሸክሟት ሄደ።

ስለዚህ ከዳር ጀምሩ የሚለውን ምክር እንጨት ላይ እርሱት። ስዕሉ ውስጥ በግልጽ ከሚታወቅ ነገር ጀምሩ፤ ከአንድ ፊት፣ ከአንድ መስኮት፣ ከዛፉ ጫፍ። እሱን ከገጠማችሁ በኋላ ወደ ውጭ እየሰፋችሁ ሂዱ። የትንሿ ፐዝል ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ትሪ ላይ ትሠራለች። ጠረጴዛ አትይዝባችሁም። እንግዳ ሲመጣ ከፍ አድርጋችሁ ታስቀምጧታላችሁ። ቅለቷ ለመያዝ ነው፤ ለመግጠም አይደለም።

«በረዶ ያው ነጭ ነው፤ ይሰለቻል»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች በረዶውን በደንብ አላዩትም። ጎበዝ ሠዓሊ በረዶን በነጭ ብቻ አይስልም። በፀሐያማ ቀን በረዶ ላይ የሚያርፍ ጥላ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋ ስትከለል ጥላውን የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ነውና። ፀሐይ ዝቅ ስትል በረዶው ወደ ሮዝና ወደ ቢጫ ያደላል። መብራት ከበራበት መስኮት ሥር ያለውም እንዲሁ ቢጫ አለው። ገና እየወረደ ያለው ደግሞ ግራጫ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ነጮቹን ቁራጮች ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርጓቸው። ነጭን ነጭ ጠረጴዛ ላይ መለየት ዓይንን በከንቱ ማድከም ነው። ከተቻለ በቀን ብርሃን ሥሩ፤ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ጥላ ይውጠዋል። ከዚያ ክምር ለዩ፦ ሰማያዊ ያለበት፣ ቢጫ ያለበት፣ ግራጫ፣ ጥርት ያለ ነጭ። አንድ ዓይነት የመሰለው ክምር አራት ቦታ ሲከፈል ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

አሁንም ካቃታችሁ ቁራጩን ገልብጡት። ጀርባው ያልተቀባ ኮምፔንሳቶ ከሆነ የእንጨቱ ስስ መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ቦታው የታወቀ አንድ ቁራጭ አንስታችሁ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከዚያ ግራ ያጋባችሁን ነጭ ቁራጭ መስመሩ ከዚያ ጋር እስኪስማማ አዙሩት። በየትም በኩል ሊዞር ይችል የነበረው ቁራጭ አሁን ሁለት አቀማመጥ ብቻ ቀረው። ይህን ማጭበርበር የሚሉ አሉ፤ ጀርባው ከፊቱ ጋር አብሮ የተሸጠላችሁ እንጨት ነው፤ ተጠቀሙበት።

የክዳኑን ስዕል ማየትም ማጭበርበር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበሩት የእንጨት ፐዝሎች ሳጥናቸው ላይ ስዕል አልነበረም፤ የስዕሉ ርዕስ ብቻ ነበር የሚጻፈው። ያንን መሞከር ከፈለጋችሁ ክዳኑን ደብቁት። ካልፈለጋችሁ እዩት።

«ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች ለጌጥ ናቸው»

በአጋዘን፣ በደወል፣ በኮከብ ቅርጽ የሚቆረጡትን ማለታቸው ነው። ያምራሉ፤ ግን ሥራም አላቸው። የአጋዘኑን ቀንድ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቅርንጫፎቹ መሀል ሌላ ቁራጭ ይገባል፤ ስለዚህ ያ ጎረቤት ቁራጭ የግድ እንደ ጣት የቀጠነ ሹል ጫፍ ይኖረዋል። አጋዘኑ ራሱ የት እንደሚገባ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ጎረቤቱ ግን ያጋልጠዋል። አጋዘኑን ይዞ ቦታ መፈለግ ትታችሁ፣ ያንን ሹል ጫፍ ፈልጉ።

ቶሎ ቶሎ የሚታለፉትን ደግሞ ልጥቀሳቸው። «የገና ፐዝል ከገና ውጭ አይሠራም»፤ ማን ከለከለ? «አንዴ ከተሠራ አለቀ»፤ ከዓመት በዓል እስከ ዓመት በዓል ሳጥን ውስጥ ስትቆይ ማዕዘኑ የት እንደተከፈለ ትረሱታላችሁ፤ እንደ አዲስ ትሠራለች። «ሲያልቅ በኮላ አጣብቆ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው»፤ እባካችሁ አታድርጉት፤ ለመበተን የተሠራ ነገር ነው።

«የልጆች መጫወቻ ነው»

መነሻው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ ካርታ ቀርጾ የሚያትም ሰው ካርታ ማሆጋኒ በተባለ እንጨት ላይ እየለጠፈ በአገሮች ወሰን ይቆርጥ ነበር። ዓላማው ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩ ነው። ግን ነገሩ እዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 አሜሪካ ውስጥ አዋቂዎች የእንጨት ፐዝል ፍቅር ያዛቸው። ፓርከር ብራዘርስ የተባለው የጨዋታ አምራች ኩባንያ በ1909 ሌሎቹን ጨዋታዎች ትቶ ፋብሪካውን በሙሉ ወደ ፐዝል አዞረ። ቆራጮቹ ሴቶች ነበሩ፤ የቅርጽ ቁራጮችም የዚያ ፋብሪካ መታወቂያ ሆኑ። እኔ የምቆርጣቸውን ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም አትስጡ። ቁራጮቹ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀሩ ይችላሉ።

«በሌዘር የተቆረጠ እውነተኛ አይደለም»

እኔ በመጋዝ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ለጥቅሜ ብዬ አይደለም የምናገረው። ሌዘሩ የታዘዘውን መስመር ይከተላል፤ መስመሩን ያሰበው ሰው ነው። ማዕዘን የሚከፍል፣ በቀለም ድንበር የሚሄድ ጥሩ ንድፍ በሌዘር ቢቆረጥም ጥሩ ነው። ሰነፍ ንድፍ በእጅም ቢቆረጥ ሰነፍ ነው። የጠርዙ መጥቆርና የጭስ ሽታው ሌዘሩ እንጨቱን ስለሚያቃጥለው ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሳጥኑን ከፍታችሁ ነፋስ ይግባው፤ ሽታው ይቀንሳል።

«ፐዝል የመርሳት በሽታን ይከላከላል»

ይህን ለአረጋውያን እንደ መድኃኒት የሚያዙ አሉ። የጀርመኑ ኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ለ30 ቀናት በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ፐዝል እንዲሠሩ አድርገው ነበር። ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በአእምሮ ችሎታቸው ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ለረጅም ዓመታት ሲሠሩ የኖሩት የተሻለ ችሎታ ታይቶባቸዋል፤ ያ ግን ፐዝሉ ያመጣው ነው ማለት አይደለም። ለእናታችሁ ፐዝል ስጧቸው፤ ስለሚያስደስታቸው ስጧቸው።

«እንጨት ስለሆነ አይበላሽም»

ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በቁም፣ አንዱ በአግድም ተደርበው በኮላ የተጣበቁበት ነው። አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው እንደ ጥሬ ጣውላ ቶሎ አይጣመምም። እርጥበት ግን ያገኘዋል። አየሩ ሲረጥብ እንጨቱ ያብጣል፤ ቁራጮቹ ይጠብቃሉ። ማሞቂያ በበራበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይላላሉ። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ መጀመሪያ የሚላቀቀው የስዕሉ ወረቀት ነው። ማሞቂያ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

ቁራጭ አልገባ ካለ በግድ አትጫኑት፤ ቦታው አይደለም ማለት ነው። ቀንድና እግር ያላቸው ቁራጮች ቀጭን ቦታቸው ላይ ቶሎ ይሰበራሉ። ከተሰበረ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠብታ የእንጨት ኮላ ቀቡት፤ የተረፈውን ወዲያው ጥረጉ፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ እስኪደርቅ ተዉት። የጨርቅ ከረጢት ስፌቱ ስለሚተረተር ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሳጥን ይሻላል። ክዳኑ ውስጥ የቁራጮቹን ቁጥር ጻፉ፤ ከመክተታችሁ በፊትም ቁጠሩ።

ቁራጭ ጠፋ ብላችሁም ፐዝሉን አትጣሉት። መጀመሪያ የሶፋውን ስንጥቅ፣ የእጅጌያችሁን እጥፋት፣ የቫኪዩሙን ከረጢት ፈትሹ። ካልተገኘ የቀሩትን ሁሉ ግጠሙና ባዶ ቦታውን እንዳለ ወደ ቆራጭ አምጡት። ምትኩ የሚለካው ከዚያ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ ጎረቤቶቹ እንዳይነቃነቁ ከላይም ከታችም ጠንካራ ካርቶን አድርጋችሁ እሰሩት። የክዳኑን ስዕልም አብራችሁ ያዙ፤ አዲሱ ቁራጭ የሚቀባው እሱን እያዩ ነው።