ላውንጅ የሚያስገባው ካርድ የቱ ነው? ተደጋግመው የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ብዙ የሚጓዙ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ኤርፖርት ላይ ላውንጅ የሚያስገባው ምርጡ ክሬዲት ካርድ የቱ ነው?» ላውንጅ ማለት መንገደኛ በረራውን እየጠበቀ የሚያርፍበት የተለየ አዳራሽ ነው። ጥያቄው ግን ከመጨረሻው የጀመረ ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት የራስዎ ጉዞ ነው፤ ከየትኛው ተርሚናል፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ካርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ሰው በየዓመቱ ብዙ መቶ ዶላር እየከፈለ ከበር ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት አሜሪካ ውስጥ ከሚሰጡ ታዋቂ ካርዶች ነው፤ ሌላ አገር የወጣ ካርድ ያለው ሰውም እነዚሁኑ ጥያቄዎች ለራሱ ውል ሊያቀርብ ይችላል።

«ካርዱን ካሳየሁ ያስገቡኛል»

አብዛኞቹ የጉዞ ካርዶች ላውንጅ የሚያስገቡት እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ባለ የአባልነት መረብ በኩል ነው። ፕራዮሪቲ ፓስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ፣ ከባንኮች የተለየ ድርጅት ነው። ባንኩ አባልነቱን ይገዛልዎታል፤ ምዝገባውን የሚፈጽሙት ግን እርስዎ ነዎት። በር ላይ የሚነበበውም የፕራዮሪቲ ፓስ አባልነት ካርድዎ ወይም ስልክዎ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ነው።

አንድ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በረራ ለመቀየር በወረድኩበት ኤርፖርት፣ ከብረት የተሠራውን ከበድ ያለ ካርዴን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠኋት። ፊቱን አየችው፣ ጀርባውን ገልብጣ አየችው፣ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «የአባልነት ቁጥርዎስ?» አለችኝ። አልተመዘገብኩም ነበር። እዚያው ቆሜ በስልኬ ልመዘገብ ስሞክር ባንኩ ማንነቴን ለማረጋገጥ የምስጢር ኮድ ላከ። ኮዱ የሚደርሰው በዘወትሩ ስልክ ቁጥሬ ነው፤ ያ ሲም ካርድ ደግሞ ከስልኬ ወጥቶ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ሆኖ፣ ወደ አውሮፕላኑ ሄዷል። ሌሊቱን ወንበር ላይ አሳለፍኩት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ካርዱ በእጅዎ በገባበት ቀን ይመዝገቡ፤ መተግበሪያውንም ጭነው አንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሩት።

እንደ ላውንጅኪ ባለው አሠራር የባንክ ካርዱ ራሱ በማሽን ስለሚነበብ የተለየ አባልነት ማሳየት ላያስፈልግ ይችላል። የእርስዎ ካርድ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

«በዓለም ላይ ከ1,500 በላይ ላውንጅ ስላለው የትም ብሄድ አላጣም»

ቁጥሩ እውነት ነው። እርስዎን የሚጠቅምዎት ግን በሚነሱበት ተርሚናል፣ በሚነሱበት ሰዓት ክፍት የሆነው ላውንጅ ብቻ ነው። እሱም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።

በብዙ ትልልቅ ኤርፖርቶች ተርሚናሎቹ ከጸጥታ ፍተሻ በኋላ እርስ በርስ አይገናኙም። ላውንጁ ተርሚናል አንድ፣ በረራዎ ተርሚናል ሦስት ከሆነ፣ በዝርዝሩ ላይ መኖሩ ለእርስዎ ምንም አይደለም። ከፓስፖርት ቁጥጥር ወዲያ ያለው ላውንጅ ደግሞ የአገር ውስጥ በረራ ለሚሳፈር ሰው አይደረስበትም። ከፍተሻ በፊት የሚገኘውም የራሱ ጣጣ አለው፤ የፍተሻው ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እያሰቡ ተረጋግቶ መቀመጥ ያስቸግራል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። የፕራዮሪቲ ፓስ ውል መግባት የሚቻለው ቦታ ሲኖር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ላውንጁ የአየር መንገድ ንብረት ሲሆን ቅድሚያ የሚያገኙት የዚያው አየር መንገድ የቢዝነስ ክላስና የታማኝነት ፕሮግራም ተሳፋሪዎች ናቸው። ብዙ በረራዎች ተከታትለው በሚነሱበት ሰዓት፣ ልክ እርስዎ በሚፈልጉበት ሰዓት ማለት ነው፣ «ለጊዜው ሞልቷል» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይቆማል። አንዳንድ ላውንጆች የአባልነት መረብ እንግዶችን የማይቀበሉበትን ሰዓት አስቀድመው በመተግበሪያው ላይ ይጽፋሉ፤ ጥቂቶቹ በተጨማሪ ክፍያ ቦታ ያስይዛሉ። ስለዚህ ካርድ ከማመልከትዎ በፊት የመረቡን ድረ ገጽ ከፍተው ባለፈው ዓመት የረገጧቸውን ኤርፖርቶች አንድ በአንድ ይፈልጉ፤ ተርሚናሉን፣ የሥራ ሰዓቱንና ከታች በትንሹ የተጻፈውን ገደብ ያንብቡ። እኔ ከየትኛውም የካርድ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

«ባለቤቴና ልጆቼም አብረውኝ ይገባሉ»

በብዙ ካርዶች ይህ እውነት የነበረበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም በፍጥነት እየተሸረሸረ ያለው ጥቅም ይኸው ነው።

የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ የያዘ ሰው ሴንቱሪዮን ወደሚባሉት የድርጅቱ የራሱ ላውንጆች ሁለት እንግዳ በነጻ ይዞ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን አሜሪካ ውስጥ ለተሰጠው ካርድ የእንግዳ ክፍያው ለአዋቂ 50 ዶላር፣ ከ2 እስከ 17 ዓመት ለሆነ ልጅ 30 ዶላር ሆኗል፤ ከዚህ የሚድነው በዓመት 75,000 ዶላር በካርዱ ያወጣ ሰው ነው። የትዳር ጓደኛውንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የሄደ ሰው በአንድ ጊዜ 110 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው፤ ሲመለስም እንደገና። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የካፒታል ዋን ባንክ ካርድ ቬንቸር ኤክስ ለቤተሰብ የሚመከረው እንግዳን በነጻ ስለሚያስገባ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በፕራዮሪቲ ፓስ ለሚገባ እንግዳ 35 ዶላር ያስከፍላል፤ በእርስዎ ሒሳብ ላይ ተጨማሪ ካርድ የያዘ የቤተሰብ አባል የራሱን የላውንጅ መብት ከፈለገ በዓመት 125 ዶላር ይጨመራል።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ይዘው ካርድ የሚያወጡ ቤተሰቦች እጅግ ያሳዝኑኛል። እንቅልፍ የጣለውን ልጅ ትከሻዋ ላይ ያስተኛች እናት በር ላይ ቆማ የክፍያ ዝርዝር ስታነብ ማየት ደስ አይልም። ውሉን ዛሬ፣ ከባንኩ ከራሱ ገጽ ያንብቡ። ሲገቡም የሚመዘገበውን የእንግዳ ቁጥር ሳያዩ አይፈርሙ፤ ክፍያው በኋላ በካርድዎ ሒሳብ ላይ ስለሚመጣ በዚያን ጊዜ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

«ፕራዮሪቲ ፓስ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። አንዱ ባንክ ያልተገደበ ጉብኝት ይሰጣል፤ ሌላው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ፈቅዶ ከዚያ በኋላ ያስከፍላል። በአንዳንድ ኤርፖርቶች አባልነቱ በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ ቅናሽ ያስገኛል፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ ይህን ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቼዝ ባንክ ደግሞ በ2024 ከካርዶቻቸው አውጥተዋል። ስሙ አንድ ሆኖ ውሉ በየባንኩ ይለያያል።

«ውዱ ካርድ ምርጡ ነው፤ ክፍያውም ራሱን ይመልሳል»

የቼዝ ባንክ ካርድ የሆነው ሳፋየር ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ዓመታዊ ክፍያው 450 ዶላር ነበር፤ በ2025 795 ዶላር ደርሷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚጓዝ፣ በሄደበትና በተመለሰበት ላውንጅ የሚገባ ሰው አራት ጊዜ ተጠቀመ እንበል። ካርዱን ያወጣው ለላውንጅ ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ ጉብኝት ወደ 200 ዶላር ይጠጋበታል። ፕራዮሪቲ ፓስን ያለ ባንክ በቀጥታ መግዛት እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዝቅተኛው ደረጃ 99 ዶላር ዓመታዊ ክፍያና ለአንድ ጉብኝት 35 ዶላር ሲያስከፍል አራቱ ጉብኝት በ239 ዶላር ያልቃል። በር ላይ ለአንድ ቀን የሚያስከፍሉ ላውንጆችም አሉ።

«ነገር ግን ካርዱ ተመላሽ ይሰጣል» ይባላል። ይሰጣል፤ አሰጣጡን ግን ማየት ያስፈልጋል። የፕላቲነም ካርድ በዓመት 200 ዶላር የሚለው የኡበር (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) ጥቅም የሚሰጠው በየወሩ 15 ዶላር፣ በዲሴምበር 35 ዶላር እየሆነ ነው፤ በወሩ ያልተጠቀሙበት ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ለእያንዳንዱ ተመላሽ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ካርዱ ባይኖረኝ ይህን አገልግሎት በራሴ ገንዘብ እገዛው ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ከስሌቱ ያውጡት። በየወሩ የሚጓዝና ረጅም የትራንዚት ቆይታ የሚያጋጥመው ሰው ስሌቱ በእርግጥ ሊያዋጣው ይችላል፤ ለእሱ ውድ ካርድ እኔም እመክራለሁ።

«ትኬቱ ምንም ይሁን፣ ካርዱ ያስገባል»

በአባልነት መረብ ለሚገቡባቸው ላውንጆች በአብዛኛው ትክክል ነው። የአየር መንገዶቹ የራሳቸው ላውንጆች ግን ትኬትዎን ያያሉ። ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቤዚክ ኢኮኖሚ በሚባለው ርካሽ ትኬት የሚሳፈሩትን ካርድ ቢኖራቸውም ስካይ ክለብ ወደሚባለው ላውንጁ አያስገባም። ከ2025 ወዲህ ደግሞ የፕላቲነም ባለካርዶችን መግቢያ በዓመት 10 ጉብኝት ገድቧል፤ እዚህም ገደቡ የሚነሳው 75,000 ዶላር ላወጣ ሰው ነው። በተቃራኒው ዓለም አቀፍ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ወይም ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት የጎልድ ደረጃ ያለው መንገደኛ ያለ ምንም ካርድ ሊገባ ይችላል። አዘውትረው የሚበሩት በአንድ ጥምረት አየር መንገዶች ከሆነ፣ ያንን ደረጃ ለማግኘት ምን ያህል እንደቀረዎት ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ይመልከቱ።

«ጠዋት ገብቼ እስከ ማታ አርፋለሁ»

ብዙ ላውንጆች የሚያስገቡት በረራው ሊነሳ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ጉዟቸውን ጨርሰው ከአውሮፕላን የወረዱ መንገደኞችን ጨርሶ የማይቀበሉም ብዙ ናቸው።

«ወለዱን በኋላ አስብበታለሁ»

በዚህ ላይ ቃሌን አላለሳልስም። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው፣ 3,000 ዶላር ቢያንከባልል፣ በዓመት ከ600 ዶላር በላይ ወለድ ይከፍላል። ይህን ገንዘብ የሚመልስ ላውንጅ የለም። ዕዳ ያለብዎት ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይዝጉ።

«በረራዬ ሲደርስ ይጠሩኛል»

ካርዱን በደንብ መርጠው፣ ተመዝግበው፣ ቦታም አግኝተው ከገቡ በኋላ የሚመጣ ስህተት ነው። ብዙ ላውንጆች እንግዳ እንዳይረበሽ የመሳፈሪያ ጥሪ በድምፅ ማጉያ አያሰሙም፤ ያለው በግድግዳ ላይ ያለ ሰሌዳ ብቻ ነው። ሲቀመጡ የመሳፈሪያ በርዎ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እንግዳ ተቀባይዋን ይጠይቁና የስልክዎን ማንቂያ በዚያው ልክ አስቀድመው ይሙሉ።