«የካስት እክል ማስወገጃ» የተባለው ሕግ ካስትን አላስወገደም

ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ እ.ኤ.አ. በ1850 ያወጡትን ይህን አዋጅ በስሙ ብቻ የሚያውቀው ሰው፣ ካስት የሚባለው የዘር ደረጃ ያኔ ቀረ ብሎ ያስባል። አልቀረም። አዋጁ የሚያወራው ስለ ንብረት፣ በተለይም ስለ ውርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው የሂንዱ ሕግ አንድ ሰው ክርስቲያን ከሆነ ከካስቱ ይወጣል፤ ከካስቱ ከወጣ ደግሞ ከአባቱ ሀብት ድርሻ የለውም። ስለዚህ መጠመቅ የእምነት ብቻ ሳይሆን የመሬትና የቤት ጉዳይም ነበር። አዋጁ ታዲያ ፍርድ ቤቶች ሃይማኖቱን ስለተወ ወይም ከካስቱ ስለተባረረ ብለው ንብረቱን እንዳያስጥሉት ከለከለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘመዶቹ አብረውት ማዕድ እንዲቆርሱ፣ ልጃቸውን እንዲድሩለት አላስገደደም፤ እንዴትስ ያስገድዳል? ሐሳቡም አዲስ አልነበረም፣ በ1832 ቤንጋል ለተባለው የሕንድ ግዛት ተመሳሳይ ደንብ ወጥቶ ነበር።

በወረቀት ላይ ሕጉ ለየትኛውም ሃይማኖት ይሠራ ነበር፤ ብዙ ሂንዱዎች ግን ለሚሲዮናውያን የተሰጠ ጉርሻ አድርገው ነው ያዩት፣ እኔም አልፈርድባቸውም። በ1857 በእንግሊዞች ላይ አመፅ ሲፈነዳ ከቅሬታዎቹ አንዱ ይኸው ሕግ ነበር።

ሌላው የሚያምታታው የልጆቹ ነገር ነው። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1956ቱ የሂንዱ ውርስ ሕግ፣ ወላጅ ሃይማኖቱን ከቀየረ በኋላ የተወለዱ ልጆች ከሂንዱ ዘመዶቻቸው አይወርሱም ይላል፣ ውርሱ ሲከፈት፣ ማለትም ዘመዱ ሲሞት፣ እነሱ ራሳቸው ሂንዱ ካልሆኑ በስተቀር። ሃይማኖት የቀየረው አባት ግን ይወርሳል።