የመንግሥት ሠራተኛን በሙያ ኮሌጅ ማሠልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ መሐል በርካታ የፌዴራልና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ከሙያ ኮሌጆች ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። ይሁንና ስለ ሠራተኞች ሥልጠና ሲታሰብ ኮሌጆቹን የሚያስታውስ ኃላፊ ጥቂት ነው፤ በእኔ እምነት ለዚህ ምክንያቱ ከበጀት እጥረት ይልቅ ሥር የሰደደ አመለካከት ነው።

«የሙያ ኮሌጅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያላመጡ ልጆች መዋያ ነው።»

ከሁሉም ይልቅ አልነቀል ያለው ይህ አስተሳሰብ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሙያ ማሠልጠኛ ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱ የተቸገረችው በባለሙያ እጦት ነበር። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ለመሥሪያ ቤቶች የሚያስፈልጉ ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ያፈራ ነበር። ዛሬም ቢሆን ዲግሪ ያለው ባለሙያ ማህደር ማደራጀትን ወይም የንብረት አመዘጋገብን ኮሌጅ ገብቶ ቢማር ከደረጃው ዝቅ አለ አያሰኘውም፤ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረውን፣ ባለጉዳይ ግን በየቀኑ የሚጠይቀውን ሥራ ተማረ ማለት ነው።

«ይህ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ ነው።»

በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው ይህ ተቋም በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ የየወረዳውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአጭር ሥልጠና ለማዳረስ ግን አንድ ተቋም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተጀመሩት የአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ከሁለት ዓመት ትምህርት ጎን ለጎን የአካባቢ አስተዳደሮችን ጨምሮ ለአሠሪዎች በውል ያሠለጥናሉ። አሠሪው የጎደለውን ክህሎት ይናገራል፤ ኮሌጁ ለዚያ የሚሆን ሥልጠና ያዘጋጃል።

«ሥልጠና ማለት አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ወርዶ ሆቴል መሰብሰብ ነው።»

የአዳራሽ ሥልጠና ትልቁ ድክመት፣ ተሳታፊው ሲመለስ ምን መሥራት እንደቻለ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። የሙያ ኮሌጆች አሠራር ግን በሙያ ደረጃና በብቃት ምዘና ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሠልጣኙ ሥራውን ሠርቶ ካላሳየ ብቁ አይባልም። በትብብር ሥልጠና ኮሌጁ ተማሪውን የሚልከው ወደ ሥራ ቦታ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ቀድሞውኑ በሥራ ቦታው ላይ ስላለ የሚቀረው ክትትሉና ምዘናው ነው። (በሆቴል ሥልጠና የሚያገኘው አበል በመቅረቱ ቅር የሚለው ሠራተኛ መኖሩ አይቀርም፤ ከደመወዙ ማነስ አንጻር ቅሬታውን መናቅ ተገቢ አይደለም። ቢያንስ የሥልጠናው ሰዓት ከሥራ ሰዓት ሊታሰብለትና የትራንስፖርት ወጪው ሊሸፈንለት ይገባል።)

«ሰርተፍኬቱ በቀጥታ እድገት ያስገኛል።»

አያስገኝም። በ2010 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሥልጠናን ዓላማ ያያዘው የሠራተኛውን ችሎታ ከማሻሻልና ለከፍተኛ ኃላፊነት ከማዘጋጀት ጋር ነበር፤ መዘጋጀት ደግሞ በራሱ እድገት አይደለም።

«ውል ከተፈረመ የቀረውን ኮሌጁ ይወጣዋል።»

የኮሌጁ መምህር የመሥሪያ ቤቱን ቅጾችና መመሪያዎች አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የባለጉዳዮች ስም የተሰረዘባቸውን እውነተኛ ማህደሮች ለመለማመጃ ማቅረብ፣ የቡድን መሪዎችንም በምዘናው ማሳተፍ ይኖርበታል፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ሠራተኞቹን ወደ ኮሌጅ ባይልክ ይሻላል።