የቶርናዶ ወረርሽኝ ምንድን ነው?

ለአዳማ ሰው ስለ ነፋስ ማስረዳት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። በበጋ አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ ሜዳውን የሚያቋርጠውን አዙሪት ያላየ የለም፤ የሚያማትብበትም አለ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ቶርናዶ ከተማ አወደመ ሲባል፣ «የኛው አዙሪት ነው፣ ትንሽ ጠንከር ያለ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የኛው የሚነሳው ከመሬት ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግል ከሥር ያለው አየር ይሞቅና እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቶርናዶ ግን ከነጎድጓድ ደመና ይወርዳል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከሥር ይሆናል፣ ቀዝቃዛና ደረቁ አየር ከላይ። ደመናው በፍጥነት ያድጋል። ነፋሱ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ከሥሩ መሬት የሚነካ አዙሪት ሲዘረጋ ያ ቶርናዶ ነው። አንዱ ደመና ቶርናዶ አውጥቶ አጠገቡ ያለው ለምን እንደማያወጣ ሳይንቲስቶችም ገና ጨርሰው አልፈቱትም።

ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ካለፈ በኋላ ነው። ባለሙያዎች የፈረሰውን ቤትና የተነቀለውን ዛፍ አይተው ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይሰጡታል። 5 ማለት በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነው።

ወረርሽኝ የሚባለው አንድ የአየር ሁኔታ ሥርዓት በተቀራራቢ ሰዓት ብዙ ቶርናዶ ሲያወርድ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ስድስት ይባላል። ስድስት ግን ትንሹ ነው። በሚያዝያ 1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ቀን ውስጥ 148 ቶርናዶ 13 የአሜሪካ ግዛቶችን መታ። በሚያዝያ 2011 በአራት ቀን ውስጥ 360 ገደማ ተመዘገበ፤ ከ300 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኛው በአንድ ቀን ብቻ።

ዜናው የሚያወራው ስለ ሟች ቁጥርና ስለ ነፋሱ ፍጥነት ነው። ለኔ ግን ዋናው ነገር «ብዙ በአንድ ጊዜ» የሚለው ነው። ወለንጪቲ ብቻዋን ብትመታ ከአዳማ አምቡላንስ ይደርሳል፣ ቁስለኛው ወደ አዳማ ይመጣል፣ ዘመድ ቤት የሚያድርም ያድራል። ወለንጪቲ፣ ሞጆ፣ ወንጂና አዳማ በአንድ ምሽት ቢመቱስ? ማን ለማን ይደርሳል? ወረርሽኝ የሚያሳጣው ይህንን ጎረቤት ነው።

ትልቅ ከተማ ሲመታ አንድ ሰፈር ይፈርሳል፣ ሌላው ሰፈር ይሠራል። ትንሽ ከተማ ሁሉ ነገሯ አንድ አንድ ነው። አላባማ ውስጥ ሃክልበርግ የምትባል 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። በ2011ዱ ወረርሽኝ ባለ 5 ቶርናዶ አለፈባት። ብዙ ሰው የሚቀጥረው የጂንስ ማከፋፈያ ማዕከል ወደመ፣ ትምህርት ቤቱም ወደመ። ቤትህ ቢተርፍ እንኳ ሥራህ የለም፣ ልጅህም የሚማርበት የለም። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ የኬንታኪዋ ሜይፊልድ ማታ ተመታች። ሻማ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ላይ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ሕንፃው ተደርምሶባቸው ሞቱ።

ማስጠንቀቂያ የለም እንዳይባል፣ አለ። ሳይረን ይጮኻል፣ ስልክ ይጮኻል። ግን የሚገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው። ምድር ቤት ያለው ይወርዳል። በቀላል ተገጣጣሚ ቤት የሚኖረው ድሃ ግን ወዴት ይወርዳል? ሌሊት ከሆነ ደግሞ የተኛ ሰው ሳይረኑንም ላይሰማው ይችላል።

ከዚያ በኋላስ? የካንሳሷ ግሪንስበርግ ጥሩ ማሳያ ናት። በግንቦት 2007 ባለ 5 ቶርናዶ ከከተማዋ 95 በመቶ ያህሉን አፈረሰ። ነዋሪዎቹ ኃይል ቆጣቢ አድርገው መልሰው ሠሯት። ከከተማዋ አጠገብም አሥር የነፋስ ተርባይን ተተከለ። ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን እያየ ለሚኖር ሰው ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ነፋስ ያፈረሳት ከተማ በነፋስ መብራት ታመነጫለች። የሕዝብ ቆጠራው ግን ሌላም ነገር ይናገራል። በ2000 የከተማዋ ነዋሪ 1,574 ነበር፣ በ2010 ግን 777። ቀድሞም ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተማ ይሄድ ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ሽማግሌ ደግሞ እንደገና ከመሥራት ልጆቹ ጋ ሄዶ መኖሩን መረጠ።