ዕፅ ሻጮችን የሚዘርፉ ወንጀለኞች በባልቲሞር

በአሜሪካ ከተሞች የመንገድ ላይ አደንዛዥ ዕፅ ሻጮችን እያደኑ ገንዘባቸውንና ዕፃቸውን የሚነጥቁ ሌሎች ወንጀለኞች አሉ። ድርጊቱ በኒው ዮርክም በሴንት ሉዊስም የታወቀ ነው፤ ብዙ የተጻፈው ግን ስለ ባልቲሞር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተጸነሰባት፣ ጆንስ ሆፕኪንስን የመሰለ ዩኒቨርሲቲ ያላት ይህች ጥንታዊ የወደብ ከተማ በዚህ ስሟ መነሣቱ የሚያሳዝን ነው።

ሻጩ ገቢውን ባንክ ስለማያስገባ በእጁ ይዞት ይውላል። ሲዘረፍ እንዳይከስ ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ ደካማ ተብሎ በማግስቱ ሌላው ይመጣበታል። ስለዚህ ብዙዎች በጠመንጃ ይበቀላሉ። ፖሊስ ዘንድ የሚመዘገበውም አብዛኛውን ጊዜ ዘረፋው ሳይሆን እሱን ተከትሎ የሚመጣው ግድያ ነው።

በ1970ዎቹም (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንዲህ ያሉ ዘራፊዎች ነበሩ።

ከሁሉም ስሙ የገነነው የምዕራብ ባልቲሞሩ ዶኒ አንድሩስ ነው። የሄሮይን ሱሰኛ ነበር፤ ሻጮችን ይዘርፍ እንጂ ሴትና ሕፃን አይነካም ነበር ይባላል። በ1986 ግን በአንድ ዕፅ ነጋዴ ተቀጥሮ ሁለት ሰዎችን በመግደል ተሳተፈ። ኋላ ለመርማሪው ኤድ በርንስ እጁን ሰጥቶ፣ ቀጣሪው እንዲፈረድበት ለዐቃቤ ሕግ ተባበረ። በ1987 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2005 ሲፈታ ካገዙት መካከል ያው በርንስና የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ይገኙበታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ለአንድ ዝነኛ የቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርይ መነሻ የሆነው አንድሩስ በ2012 በ58 ዓመቱ ዐረፈ።

የከተማዋን ሕዝብ ይበልጥ ያስደነገጡት ግን ፖሊስ የሆኑት ዘራፊዎች ናቸው። በ2007 ሕገወጥ ጠመንጃ እንዲከታተል የተቋቋመው የፖሊስ ግብረ ኃይል አባላት ከሻጮችም፣ ዕፅ ከማይሸጡ ሰዎችም ገንዘብ ይዘርፉ ነበር። የአጎራባች ካውንቲ መርማሪዎች አንድ የሄሮይን አከፋፋይ ሲከታተሉ፣ በመኪናው ሥር የአንድ የባልቲሞር ፖሊስ የግል መከታተያ መሣሪያ አገኙ። ጉዳዩ በዚያ ተፈታ፤ በመጋቢት 2017 ሰባት ፖሊሶች ተከሰሱ። አምስቱ ጥፋታቸውን አመኑ፣ ሁለቱ ተከራክረው ተረቱ። መሪያቸው ሳጅን ዌይን ጄንኪንስ 25 ዓመት ተፈረደበት። በ2015 በባልቲሞር በተነሣው ሁከት ከፋርማሲዎች የተዘረፈ መድኃኒት ለሽያጭ ማቀበሉንም አምኗል።

የባልቲሞር ፖሊስ መርማሪ ሾን ሱተር በዚሁ የግብረ ኃይሉ ጉዳይ ለፌደራል ሸንጎ ሊመሰክር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኅዳር 2017 በጥይት ተመትቶ ሞተ። የአስከሬን ምርመራ ጽሕፈት ቤቱ ግድያ ነው ብሎ መዘገበ፤ በ2018 ጉዳዩን የመረመረ ገለልተኛ ቡድን ራሱን አጥፍቷል አለ። ቤተሰቡ ይህን አይቀበልም።

በሕግ በኩል ወሳኙ ውሳኔ የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። በሮአኖክ የማሪዋና ሻጮችን ቤት የዘረፈ አንድ ተከሳሽ፣ ዕፁ እዚያው የበቀለ ሊሆን ስለሚችል ፌደራል መንግሥትን አይመለከትም ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በ7 ለ1 ድምፅ አልተቀበለውም። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ ዕፅ ሻጭን ዕፁን ወይም ገንዘቡን ፈልጎ የዘረፈ ሰው ንግድን የሚያውክ ዘረፋን በሚከለክለው በ1946ቱ ፌደራላዊ የሆብስ አዋጅ ይጠየቃል፤ ዕፁ የግዛት ወሰን ማቋረጡን ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አይጠበቅበትም።