ሥር የሌለው አረም በአዙሪት ላይ

ክረምት ሲገባ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ይደፈርሳል። ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል እዩት። መሃል የገባ ቅጠል ሽው ብሎ ያልፋል። ከምሰሶው ጀርባ የገባው ግን አይሄድም። አረፋው፣ ባዶ ሃይላንዱ፣ የጫት ገረባው አንድ ላይ ይዞራሉ።

አዙሪት ማለት ይሄው ነው። አዙሪት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የድህነት አዙሪት ቢሆንም፣ ውቅያኖስ ላይ እውነተኛው ነገር ስፋቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ አስቡ። ዕድሜውም ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ነው።

እዚያ የሚዞረው ገረባ ሳይሆን ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባህር አረም ነው። ብዙው የባህር አረም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ከሳርጋሰም ዝርያዎች ሁለቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ተንሳፈው ይኖራሉ። ሲበጠሱ ብጣሹ ራሱን ችሎ ያድጋል። የሚያንሳፍፏቸው ጋዝ የሞላባቸው ጥቃቅን ፊኛዎች ናቸው።

ሰሜን አትላንቲክ ላይ በዚህ አረም ስም የተጠራ ባህር አለ፤ የሳርጋሶ ባህር። የብስ አያዋስነውም። ድንበሩ ራሱ ወራጅ ውሃ ነው፦ በምዕራብ ገልፍ ስትሪም፣ በሰሜን የሰሜን አትላንቲክ ጅረት፣ በምሥራቅ የካናሪ፣ በደቡብ የሰሜን ኢኳቶሪያል ጅረት። አራቱ ተያይዘው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራሉ። ነፋስ የላይኛውን ውሃ ሲገፋ የመሬት መሽከርከር ወደ ቀኝ ስለሚያጥፈው፣ ውሃው ወደ መሃል ይሰበሰባል። አረሙም አብሮ። በ1492 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የኮሎምበስ መርከበኞች አረሙን ሲያዩ መሬት የቀረበ መስሏቸው ነበር።

ከብራዚል ሰሜናዊ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር አለ። እዚያ የሚወጣው ጅረት ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ትልልቅ አዙሪቶች ይገነጠሉና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ያመራሉ፤ መንገዳቸው ላይ ያገኙትን አረም ይዘውት ይሄዳሉ፣ ወይም ይበትኑታል።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። ኢርቪንግ ላንግሙየር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1927 አትላንቲክን ሲሻገር አረሙ በነፋሱ አቅጣጫ ረጃጅም መስመር ሠርቶ አየ። ምክንያቱን ያሳተመው በ1938 ነው። ነፋስ ሲበረታ ከላይኛው ውሃ ሥር እንደ ተጋደሙ በርሜሎች ጎን ለጎን የሚሽከረከር ውሃ ይፈጠራል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ፊኛ ያለው አረም ግን አይሰምጥም፣ እዚያው ላይ ይደረደራል። ይሄን ለማየት አትላንቲክ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላችሁ ሐይቅ ዳር ነፋሻማ ከሰዓት ጠብቁ፤ አረፋው እንዲሁ ሊሰለፍ ይችላል።

ከ2011 ወዲህ አረሙ ከሳርጋሶ ባህር በስተደቡብም በብዛት ይታያል። በሰኔ 2018 በሳተላይት ሲለካ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ 8,850 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ነበር፤ ክብደቱ ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ። ዳርቻ ላይ ሲበሰብስ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ቀይ ባህርም ሳርጋሰም አለው፣ ግን ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ዓይነት ነው። ሲነቀል ይንሳፈፋል። ድሮ አሰብ የተመላለሱ ሾፌሮች በሚያውቁት በደቡቡ ክፍል፣ በፈረንጆቹ ክረምት ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ የላይኛው ውሃ ከኤደን ባህረ ሰላጤ ይገባል። በበጋቸው ይገለበጣል።

የኮምቦልቻው ገረባ እዚያም አይደርስም። ቦርከና አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል።