የመስክ አበባ በግቢያችን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በመስከረም ከባህር ዳር ወደ ዘንዘልማ ወጣ ያለ ሰው አደይ ሜዳውን ቢጫ ስታለብሰው ያያል። «ይህን ከነሳሩ ከነአፈሩ ቆርጬ ግቢዬ ብተክለውስ?» የሚሉኝ በዝተዋል። ይቻላል። እንግሊዝ አገር የመስክ አበባ ያለበት ሳር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይሸጣል። እኛ ጋ ግን ሊታረስ ወይም ቤት ሊሠራበት ከተዘጋጀ ቦታ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ መቁረጥ ነው። የወል ግጦሽን አትንኩ። ቦታው ደግሞ ሦስት በሦስት ሜትርም ቢሆን ይበቃል፤ ፀሐይ ብቻ ይኑረው።

«ፍግ ካልጠገበ አያብብም»

ይሄ አባባል ብዙ ግቢ አበላሽቷል፤ የእኔንም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጆንያ የከብት ፍግ በተንኩ። ሳሩ ጉልበቴ ደረሰ። አደይ ግን በአጥሩ ጥግ አራት ራስ ብቻ አወጣች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍግም ዩሪያም ናይትሮጅን አላቸው። ናይትሮጅን ሲያገኝ ቀድሞ የሚመዘዘው ሳሩ ነው። ከዚያ አበባውን አጥልሎ ያፍነዋል። አፈሩ ሳሳ ያለ ሲሆን ሳሩ ጉልበት ያጣል፣ አበባው ፀሐይ ያገኛል። ስለዚህ ፍጉን ለጎመናችሁ ስጡት። ቦታው ድሮ ጓሮ የነበረና አፈሩ የወፈረ ከሆነ እንዲያውም ከላይ ግማሽ ስንዝር ያህል አንሱለት።

«ባለው ሳር ላይ ማንጠፍ ነው»

ሰርዶ ይህን አይፈቅድም። ስትቆፍሩ ነጭ፣ አንጓ አንጓ ያለው፣ እንደ ገመድ የተሳበ ነገር ታገኛላችሁ። አንዲት አንጓ ብትቀር መልሳ ትበቅላለች። በእጅ ለቅማችሁ አውጡት። ከዚያ መሬቱን ደልድላችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። የተቆረጠውን ሳር በዚያው ቀን እንደ ብሎኬት አጠጋግታችሁ ደርድሩ፤ የአንዱ ረድፍ መጋጠሚያ በሌላው መሐል ይረፍ። ላዩ ላይ ሳንቃ አድርጋችሁ ርገጡት። ከሥሩ ባዶ ቦታ ከቀረ ሥሩ ይደርቃል።

«ክረምት ነው፣ ዝናቡ ያጠጣዋል»

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ተከሉ የምለውም ለዚህ ነው፤ የአደይ ቡቃያም ያኔ አብሮ ይመጣል። ግን ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን ከጠፋ ጠርዞቹ ይሸበሸባሉ፣ አጠጡ። ሥር መያዙን ለማወቅ አንዱን ጥግ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ ይዟል። እስከዚያ ልጆች አይርገጡት።

«መስቀል ካለፈ ይታጨድ»

በጣም የማዝነው በዚህ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የምትበቅል ናት። ዘሯን ሳትጥል ካጨዳችኋት ለከርሞ የለችም። በጥቅምት ስትጠወልግ ግቢው የተዝረከረከ ይመስላል፣ እንግዳም «ምነው አታጸዱትም?» ይላል። ታገሱ። ኅዳር ላይ የደረቀውን ራስ በጣታችሁ እሹት። ዘሩ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል። በማጭድ አጭዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ይሰንብት፣ ዘሩ እንዲረግፍ አራግፉት፣ ከዚያ ድርቆሹን ከቦታው አውጡ። እዚያው ከበሰበሰ መልሶ ፍግ ነው። በግ ያለው ጎረቤት ደስ ይለዋል።

በጋውን ቡናማ ሆኖ ይከርማል። አልሞተም።

«ያበበ ሁሉ ይቆይ»

የእምቦጭም አበባ ያምራል። ከአገር አገር የተዛመተው ሰው ለውበቱ ብሎ ስለወሰደው ነው። ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። በግቢ ደግሞ የወፍ ቆሎና ቅንጬ የሚባሉ አረሞች አሉ። የወፍ ቆሎ ከብት ይመርዛል። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው ቅንጬ ቆዳ ያስቆጣል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ሳያብብ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ንቀሉት፤ ያኔ ሥሩ ሳይበጠስ ሙሉውን ይወጣል።